ቮልስን በጥቂት ገንዘብ ማደስ፦ ከቀለም በፊት ወለል

የድሮ ቮልስ ለማደስ የሚያስብ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። እኔ ከደመወዜ ላይ በየወሩ በምቆጥበው ገንዘብ አንዲት እ.ኤ.አ. የ1969 ስሪት ባለ 1300 ሞተር ቮልስ ሳድስ አጥብቄ የያዝኩት ደንብ ግን ቀለምን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ገንዘቡ አስቀድሞ መዋል ያለበት መኪናዋን በሚያቆመውና በሚሸከመው ክፍል፣ ማለትም በፍሬኑና በወለሉ ላይ ነው።

ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ፣ ለዓመታት የሚንጠባጠበው አሲድ የወለሉን ላሜራ ይበላዋል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት ምንጣፉን ገልጦ በካቻቢቴ ጫፍ እየጫኑ መፈተሽ ያስፈልጋል። የዛገው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት፤ በስቱኮ የተሸፈነ ዝገት ክረምት ሲያልፍ ከነቀለሙ ይነሳልና። ደግነቱ አካሉ ከወለሉ ጋር፣ አራቱ ፓራፋንጎዎችም (የጎማ መከለያዎች) ከአካሉ ጋር የሚያያዙት በቡሎን ስለሆነ፣ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር አንድ አንድ ክፍል እየፈቱ መሥራት ይቻላል።

ከሁሉ ይበልጥ ችላ የሚባለው የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) የሚዞር ማራገቢያ የሚገፋው አየር ሲሆን፣ ይህን አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩትና የሞቀው አየር ተመልሶ እንዳይሳብ የሚከለክሉት በሞተሩ ዙሪያ የሚገጠሙ ስስ ላሜራዎች ናቸው። ሞተር በወረደ ቁጥር እነዚህ ላሜራዎች እንደ ትርፍ ዕቃ ተቆጥረው ሲጣሉ ማየት ያሳዝነኛል፤ ያለ እነርሱ ሞተሩ ራሱ ያጋለውን አየር መልሶ ይስባል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሞተር እድሳት ወጪም ከላሜራዎቹ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ስወርድ ከሚያብለጨልጭ ፓራውልት (የፊትና የኋላ መከላከያ) አስቀድሜ የምጠይቀው እነርሱን ነው። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞና ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ በመሆኑ፣ እየነዱ ሳለ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያው ቆሞ ቺንጋውን ማየት ግድ ነው።

ያረጁ የነዳጅ ማስተላለፊያ ጎማዎችንም (ቱቦዎችንም) ሳይዘገዩ መለወጥ ይገባል፤ ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ተሰንጥቀው በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ካፈሰሱ ግን መኪናዋን ያቃጥላሉ። ሞተሩ የሚወስደው ዘይት 2.5 ሊትር ያህል ብቻ ሲሆን በወንፊት እንጂ በፊልትሮ ስለማይጣራ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። መለዋወጫ ፍለጋ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ፣ ዕቃዋ ከብዙ ዕድሜ እኩዮቿ ይልቅ ይገኛል።

የእኔዋ አሁን ፍሬኗ በአራቱም እግሮች ታድሶ፣ ወለሏ ተበይዶ፣ በፀረ ዝገት ቀለም ብቻ ትሄዳለች። ቀጣዩ ወጪ የበርና የመስተዋት ጎሚኒዎች ናቸው፤ የክረምቱ ዝናብ በእነርሱ በኩል ገብቶ አዲሱ ወለል ላይ እንዲተኛ አልፈልግም።