ክፍሉ ለምን ዞሮ አያት?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ከሁሉም የሚያሳስቡኝ «ጨዋ ናት» ተብለው የሚታለፉት ልጆች ናቸው። የሚረብሽ ተማሪ በማግስቱ ቢሮዬ ይላካል፤ ዝም ያለች ግን ዓመታት ያልፏታል።

ፈቅዳልኝ የማነሳት አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ አለች። የእንግሊዝኛ መምህሯ በተራ ሲያስነብብ የሚደርሳትን አንቀጽ አስቀድማ ትቆጥርና በልቧ ትለማመደዋለች። ተራዋ ሲደርስ አንገቷን ደፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በጥድፊያ ታነባለች። መምህሩ «አይሰማም፣ ጮክ በይ!» ይላታል። ያኔ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያያታል። እሷም «ይኸው፣ ሊስቁብኝ ነው» ትላለች።

ልብ በሉ፤ ክፍሉ የዞረው እንዳይታወቅባት ብላ ባደረገችው ነገር ነው። ፍርሃቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገው፤ የድምፅዋ ዝቅ ማለት ደግሞ ለፍርሃቷ ምስክር ቆመለት።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ በድብርት የሚሠቃዩ ሰዎችን ሲያክም፣ ሳይጠሩ ብልጭ የሚሉ ሐሳቦች ስሜታቸውን እንደሚመሩት አስተዋለ። ሲቢቲ የሚባለው የሥነ ልቦና ሕክምና ከዚያ ተነሣ። በእንግሊዝ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ዴቪድ ክላርክና ኤድሪያን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ማኅበራዊ ፍርሃት ሲጽፉ ጣታቸውን ያሳረፉት እንዲህ ባሉት ጥንቃቄዎች ላይ ነው፤ ሰው ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ነገር ፍርሃቱን ያቆየዋል።

ሲቢቲን «በጎ በጎውን አስቡ» አድርገው የሚያስተምሩ ሰዎች ያናድዱኛል። «አይዞሽ፣ አይስቁብሽም» የሚለውን እናቷም እህቷም ሲሏት ኖረዋል። ደግሞስ በምን አውቃለሁ? ሊስቁ ይችላሉ።

ስለዚህ በሙከራ ልናየው ብለን፣ መጀመሪያ ግምቷን ጻፈች፦ «ከተሳሳትኩ ከግማሽ በላይ ይስቃሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ያወሩብኛል።» ከዚያ ሳትለማመድ፣ ቀና ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብ፣ አንድ ቃል ላይም ሆን ብላ እንድትሳሳት ተስማማን። ከሁሉ የከበዳት ግን ዓይኗን ከመጽሐፉ አንስታ የልጆቹን ፊት ማየት ነበር። እስከዚያ ድረስ ፊታቸውን የምትገምተው ከራሷ የልብ ምትና ከጉንጯ ግለት ነበር።

ሁለት ወንዶች ሳቁ። ከኋላ ያለችው ልጅ ደብተሯ ላይ ትሞነጫጭራለች። ብዙዎቹ ጣታቸውን መጽሐፉ ላይ አድርገው የሚደርሳቸውን አንቀጽ ይቆጥሩ ነበር፤ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ያየሁትን መገረም አልረሳውም። በሳምንቱ ውስጥም ነገሩን ያነሳባት ሰው የለም።

ስታነብ አሁንም ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ቀጣዩ ሙከራ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ እጇን አውጥታ ያልገባትን መጠየቅ ነው። ግምቷን ጽፋ ሰጥታኛለች፤ በዚህኛው ላይ «ከግማሽ በላይ» የሚለው የለም፣ «ጥቂት ልጆች» ይላል።