1,021 ፋይል ከፍቶ ቀጥ ያለው ፕሮግራም

ሊኑክስ ላይ ብዙ ፋይል በአንዴ ሲከፈትና ሲቆለፍ ምን እንደሚሆን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ለዚህ ትልቅ ሶፍትዌር መነካካት አያስፈልግም፤ በሲ አንድ ገጽ የማትሞላ ፕሮግራም ጻፍኩ። አንድ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በየተራ ትከፍታለች፣ ኤፍሲኤንቲኤል በሚባለው የሲስተም ጥሪ ትቆልፋለች (ሌላ ፕሮግራም እንዳይቆልፋቸው ትይዛቸዋለች)፣ ከዚያ እስክገድላት ድረስ ቁጭ ትላለች።

1,021 ፋይል ከፍታ ቀጥ አለች። «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ»፣ የተከፈተው ፋይል በዛ ማለት ነው። ዲስኩም ሜሞሪውም ምንም አልሆኑም። አብዛኛው ሊኑክስ ላይ ለአንድ ፕሮሰስ (እየሠራ ላለ ፕሮግራም) በአንዴ እንዲከፍት የተፈቀደው 1,024 ነው። ከነዚህ ሦስቱን ግብዓት፣ ውጤትና የስህተት መልእክት ገና ሲነሳ ይይዟቸዋል። ይሄ ግን ለስላሳው ጣሪያ ነው፤ ከሱ በላይ ካለው ጠንካራ ጣሪያ ድረስ ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሳይኮንም ሴትአርሊሚት በሚባል ጥሪ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ጥቂት መስመር ጨመርኩ፣ አለፈ። (ብዙ ፋይል በአንዴ የሚጠባበቀውን ሴሌክት የሚባል ጥሪ የሚጠቀም ኮድ ካለ ግን ይታሰብበት፤ ከ1,023 በላይ የሆነ ዲስክሪፕተር፣ ማለትም ለተከፈተ ፋይል የሚሰጥ ቁጥር፣ አይችልም። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ፖል ይሻላል።)

የሚገርመው ቁልፉ ላይ ያለው ነው። ሌላ ቴርሚናል ከፍቼ ያንኑ ፕሮግራም ደግሜ አስነሳሁ። «ተይዟል፣ ተይዟል፣ ተይዟል» እያለ ወረደ። ጥሩ። ቀጥሎ የመጀመሪያው ፕሮግራም ከቆለፋቸው ፋይሎች አንዱን እንደገና ከፍቶ፣ አንድ መስመር አንብቦ እንዲዘጋው አደረግሁ። የቆለፈበትን ዲስክሪፕተር አልነካውም። ሁለተኛው ፕሮግራም ያንን ፋይል ሰተት ብሎ ገብቶ ቆለፈው!

ይህ ስህተት አይደለም፤ ፖሲክስ የሚባለው የዩኒክስ መሰል ሲስተሞች መስፈርት ያዘዘው ነው። የኤፍሲኤንቲኤል ቁልፍ የፕሮሰሱ ነው፤ ፕሮሰሱ ያንን ፋይል በየትኛውም ዲስክሪፕተር ቢዘጋ ቁልፉ አብሮ ይለቀቃል። ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለም። አንድ ላይብረሪ ከጀርባ ፋይሉን ከፍቶ ቢዘጋ አለቀ። በእኔ እይታ ይህ አስቀያሚ ሕግ ነው።

ስለዚህ ፍሎክ ወደሚባለው ሌላ የመቆለፊያ ጥሪ ዞርኩ። እሱ ከተከፈተው ፋይል ጋር ስለሚታሰር ይሄ ጣጣ የለበትም። የራሱ አመል ግን አለው፦ በፎርክ (ፕሮሰስ ራሱን በሚያባዛበት ጥሪ) የተወለደ ልጅ ፕሮሰስ ቁልፉን ይጋራል፣ አባትየው ሞቶም ልጁ ፋይሉን እስኪዘጋ ቁልፉ አይለቀቅም። የፋይሉን ከፊል ብቻ መቆለፍ የሚፈልግ ደግሞ በ2014 ከርነል 3.15 ላይ የመጣውን ኦኤፍዲ የተባለውን ቁልፍ ይሞክር።

ማን ምን እንደያዘ ለማየት ፕሮክ በሚባለው የሲስተም ፎልደር ስር ያለውን ሎክስ የሚባል ፋይል በካት ትእዛዝ መክፈት ነው። እያንዳንዱ መስመር ላይ «አድቫይዘሪ» (ምክር ብቻ) የሚል ቃል አለ። የተቆለፈ ፋይል ላይ በኢኮ ትእዛዝ አንድ መስመር ብጨምር ማንም አልከለከለኝም። ቁልፉን የሚያከብረው መቆለፉን የሚጠይቅ ፕሮግራም ብቻ ነው።

አሁን ፋይሎቹን በስም ደርድሬ ነው የምቆልፈው። ሁለት ፕሮግራሞች በተለያየ ቅደም ተከተል እየቆለፉ ቢጠባበቁ ኤፍሲኤንቲኤል መጠላለፉን አይቶ ለአንዱ ስህተት ይመልስለታል፤ ፍሎክ ግን ሁለቱንም እንደተፋጠጡ ይተዋቸዋል።