መጀመሪያ ነዳጁን እዩት

የናፍጣ መኪና መንገድ ላይ ጉልበት አጥቶ ሲቆም መጀመሪያ የሚከሰሰው ኖዝል፣ ማለትም ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ዕቃ ነው። ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ስለ ነዳጁ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገኝም።

ባለፈው ክረምት አንድ ፒክአፕ ተጎትቶ መጣልን። ከፎገራ ሩዝ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር እየገባ ነበር። የማደያው ወረፋ ሲረዝምበት ሹፌሩ ሐሙሲት ላይ ከመንገድ ዳር በጄሪካን ገዝቶ ሞላ። ዘንዘልማ አካባቢ ሲደርስ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፤ ነጭ ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። የተጠራው መካኒክ «አራቱም ኖዝል ሞተዋል፣ ፖምፓውም አያስተማምንም» አለው። ሹፌሩ ደንግጦ ደጋግሞ ለማስነሳት ሞከረ። እኛ ግቢ ገብቶም ቁልፉን ሊያዞር ሲል ነው አለቃችን የደረሱት።

«ቁልፉን አውጣና ስጠኝ» አሉት ጋሼ። «ነዳጅ መጨረሻ የቀዳኸው የት ነው? ስንት ሊትር? ከዚያ ወዲህ ምን ያህል ነዳኸው?» ኮፈኑ ገና አልተከፈተም ነበር።

ከነዳጅ ማጣሪያው፣ ከፊልትሮው ሥር አላልተው በሃይላንድ ጠርሙስ ትንሽ ቀዱ። ሽታው ብቻ ይበቃ ነበር። ቢሆንም ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ከእሱ፣ አንድ ጠብታ ከደህና ናፍጣ አደረጉ። የደህናው ቅባት ሆኖ ሰፋ። የፒክአፑ ግን አብዛኛው ተንኖ ጥቂት እድፍ ብቻ ቀረ። በጄሪካን የተሸጠለት ናፍጣ ቤንዚን ተቀላቅሎበታል።

የናፍጣ ሞተር በብልጭታ የሚለኩስ ካንዴላ የለውም። አየሩ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነዳጁ በራሱ ይቀጣጠላል። ቤንዚን ደግሞ ሲታመቅ በራሱ እንዳይቀጣጠል ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ይዘገያል፣ ሞተሩም ይንኳኳል። የባሰው ጉዳት ግን ናፍጣውን ወደ ኖዝሎቹ በግፊት በሚልከው ፖምፓ ላይ ነው። እንዲህ ባለው መኪና ፖምፓውንና ኖዝሉን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ነው። ቤንዚን ያንን ቅባት ያጥበዋል። ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ብናኙ ወደ ኖዝሎቹ ይጓዛል። ሁሉም ኖዝል ከአንድ የጋራ ቱቦ በሚቀዳባቸው፣ ኮመን ሬይል በሚባሉት ሞተሮች የናፍጣው ግፊት ከ1,500 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል። ጎማ ውስጥ ያለው እኮ 2 ወይም 3 ባር ነው። «ትንሽ ቤንዚን ኖዝል ያጥባል» የሚሉ ሹፌሮችን ስሰማ አንጀቴ ያርራል። አያጥብም፣ ይበላዋል እንጂ።

ከዚያ አንዱ ልጅ መኪናውን ከሥር በሚሠራበት ጉድጓድ ላይ ሊያቆም ሲገፋ ጋሼ ጮኹበት። እሳቸው ብዙ ጊዜ አይጮኹም። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ ትነቱ በእሳት አይያያዝም። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ ይያያዛል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። እዚያ ደግሞ በገመድ የወረደ አምፖል በርቶ ነበር። የተቀላቀለ ነዳጅ ሁልጊዜም እንደ ቤንዚን ነው መያዝ ያለበት። መኪናውን ሜዳ ላይ አወጣነው፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታን፤ ጎረቤታችን በያጁን ለጊዜው ሥራ እንዲያቆም ለመንነው። እሳት ማጥፊያ አጠገባችን አድርገን በእጅ ፓምፕ ታንኩን ባዶ አደረግን።

ፊልትሮው ሲፈታ ሁላችንም ተሰበሰብን። የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ቢገኝ ኖሮ ከፖምፓ እስከ ኖዝል ሁሉም ይነካ ነበር። ተመስገን፣ አልነበረም። መስመሩን በንጹሕ ናፍጣ አጠብን፤ አዲስ ፊልትሮ ገባ፤ አየሩን አወጣን። ተነሳ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ኖዝል የሚመልሰውን ናፍጣ በየጠርሙሱ ለካን። ሦስቱ እኩል ሆኑ፤ አንዱ ግን ብዙ ይመልሳል፤ ይህ የመበላቱ ምልክት ነው። የተቀየረው እሱ ብቻ ነው። ከመፍታታችን በፊት ዙሪያውን አጸዳን፤ የተከፈተውን ቱቦ ወዲያው ደፈንን፤ የመዳብ ሮንዴላውን አዲስ አደረግን፤ አዲሱ ኖዝል ላይ የተጻፈውንም ኮድ በኮምፒውተር ወደ መኪናው አስገባን።

ሞተሩ እየሠራ ያው ልጅ ቱቦው ያፈስ እንደሆነ በጣቱ ሊዳስስ ሲል ጋሼ እጁን ያዙትና በጣቱ ፋንታ የሚያስጠጋው ካርቶን ሰጡት። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም፣ ባያምም፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለበት። ይህንን ለጀማሪ ልጆች የሚነግር ጋራዥ ጥቂት መሆኑ ያሳስበኛል።

የቀዳነውን ነዳጅ ቦዩ ውስጥ እንድፋው ያለም ነበር። ጋሼ «ጣና ነው የሚገባው» ብለው ከለከሉ። ክዳን ባለው በርሜል አስቀመጥነውና በቀይ ቀለም «የተበላሸ» ብለን ጻፍንበት። በማግስቱ አንድ ሰው ጄሪካን ይዞ መጣና በርካሽ ሽጡልኝ አለ። አልሸጥንለትም።