«አለው» ብሎ ነገር

ተማሪዬ ሥራው ጠላቂዎችን ባሕር ውስጥ ማስጎብኘት ነው። ትንሽ አውሮፕላን ማብረር ሊማር እኔ ጋ መጣ። ያን ቀን የአንድ ሰዓት ተኩል በረራ ነበረን። ከእኛ በፊት በአውሮፕላኑ ሲበር የዋለው ባልደረባዬ ቁልፉን ሲያቀብለኝ፣ «ነዳጅ አለው?» አልኩት። «አለው» አለኝ። ጌጁም ሁለቱንም ታንክ ከግማሽ በላይ ያሳያል። ረፍዶብን ስለነበር «ግባ፣ እንሂድ» አልኩት።

አልገባም። መሰላሉን ክንፉ ሥር አቆመ።

«ካፒቴን፣ ስንት ነው ያለው?»

«ከግማሽ በላይ።»

«ማን ለካው?»

ዝም አልኩ።

«እኛ ውሃ ውስጥ ጓደኛችንን ‹አየር አለህ?› አንለውም። ‹ስንት ባር ቀረህ?› ነው የምንለው፤ ባር የጋኑ አየር ግፊት መለኪያ ነው፤ እሱም ቁጥሩን በጣቱ ያሳየናል። ‹አለኝ›ማ ሁሉም ይላል። 150 ባርም አለ ነው፣ 50ም አለ ነው።»

ወጣና መለኪያውን እንጨት ታንኩ ውስጥ ከተተው። ነዳጁ ቶሎ ስለሚተን፣ እርጥቡ ሳይደርቅ መስመሩን በጥፍሩ ይዞ አሳየኝ። ግራ 40 ሊትር፣ ቀኝ 15። አውሮፕላናችን በሰዓት 35 ሊትር ገደማ ይበላል። 55 ሊትር ማለት የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ከጥቂት ደቂቃ ጋር ነው። ለመጠባበቂያ የምንይዘው ግማሽ ሰዓት የለም። ባልደረባዬ አልዋሸም። ነዳጅ አለው።

ጆሮዬ ጋለ። ታንኩን በእንጨት መለካት ቼክሊስቱ ላይ አለ። ለስንቱ ተማሪ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ነዳጁ እስኪሞላ ስናወራ፣ በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ ውሃው ገጽ ላይ ካለው አራት እጥፍ ስለሆነ፣ አንድ ትንፋሽ የሚጨርሰውም አየር አራት እጥፍ መሆኑን ነገረኝ። የያዝከው ያው ነው፣ የሚያልቅበት ፍጥነት ነው የሚለየው። እኛም ጋ የፊት ነፋስ እንዲሁ ነው። መንገዱ አይረዝምም፣ ሰዓቱ ግን ይረዝማል፤ ሞተሩ ደግሞ የሚበላው በሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለታችንም የምንመለስበትን ቁጥር የምንወስነው ገና ሳንነሳ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ለትምህርት መጣ። ፀጉሩ ላይ ጨው አየሁ።

«ዛሬ ጠልቀሃል?»

«ትንሽ ነው፣ ካፒቴን።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

አሁን ዝም ያለው እሱ ነበር። «ሁለት ጊዜ። 18 ሜትር።»

«መጨረሻ የወጣኸው ስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት 4።»

6 ሰዓት ብቻ። ጠላቂዎች ራሳቸው ከአንድ ቀላል መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ ደግሞ 18 ሰዓት ሳትቆይ አትብረር ይላሉ። በግፊት ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ካልወጣ፣ ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ይሆናል። የእኛ አውሮፕላን ደግሞ ግፊት የሚጠብቅ ክፍል የለውም። 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ይህን እሱ ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

«ዝቅ ብለን እንብረር» አለ። እምቢ አልኩ። ያ «አለው» ያለኝ ባልደረባዬ ከወዲያ ጠረጴዛ «አታካብድ፣ ምን ይሆናል?» አለኝ። እስካሁን ያቺ ቃል ታንገበግበኛለች። ተማሪዬ ተከፍቶ ወጣ። መከፋቱን ሳይ አዘንኩ፣ ግን አልጠራሁትም።

በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጣ። ከሰላምታ በፊት «23 ሰዓት» አለኝ። ከዚያ መሰላሉን ጎትቶ ክንፉ ላይ ወጣ።

«ግራ 90» ብሎ ከላይ ጮኸ። ጻፍኩ። «ቀኝ 85።»