«ፕሪንተር ብቻ ነበር የማስተካክለው»፦ ለቴክኒክ ድጋፍ ሥራ የቀረቡ ሲቪዎች ያስተማሩኝ

የምሠራበት መሥሪያ ቤት መቀመጫው ደብረ ማርቆስ ሲሆን በምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች ለሚገኙ ጽሕፈት ቤቶች የኮምፒውተርና የኔትወርክ ድጋፍ ይሰጣል። ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከደጀን ወይም ከሉማሜ ስልክ ሲደወል ወዲያው ተነሥቶ የሚሄድ ሰውም ሆነ መኪና ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ፣ ችግሩ በስልክ ተለይቶ በስልክ እንዲፈታ እንገደዳለን። ስለዚህ ከአንድ የድጋፍ ሠራተኛ የምንጠብቀው ዕቃ ፈትቶ መግጠምን ብቻ አይደለም። «ኢንተርኔት ጠፋ» የሚል አጭር አቤቱታ ሰምቶ፣ የጠፋው መብራት ይሁን፣ ገመዱ ይነቀል፣ ኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ ይጣ ወይስ አንድ ድረ ገጽ ብቻ አልከፈት ይበል፣ ደዋዩን ሳያስጨንቅ በጥያቄ እያጠበበ መለየት አለበት።

ለዚህ ሥራ ሰው ለመቅጠር ማስታወቂያ ባወጣንበት ጊዜ የመራጭ ኮሚቴው አባል ስለነበርሁ፣ የቀረቡትን ሲቪዎች በሙሉ የማንበብ ዕድል ደረሰኝ። አመልካቾቹ በትምህርት ማስረጃ የሚታሙ አልነበሩም። በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ደረጃ ሦስትና ደረጃ አራት ሠልጥነው የሙያ ብቃት ምዘና የሆነውን ሲኦሲ ያለፉ ነበሩባቸው፤ ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የተመረቁም ነበሩባቸው። ሆኖም ሲቪዎቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንዱን ከሌላው የምለይበት ነገር አጣሁ። «ኮምፒውተር ጥገና፣ ኔትወርክ ዝርጋታ፣ ሶፍትዌር መጫን፣ ከፍተኛ የመግባባት ችሎታ፣ በጫና ውስጥ የመሥራት ብቃት» የሚለው ዝርዝር ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ አለ። በአንዳንዶቹ ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት በተመሳሳይ ቦታ ተደግሞ ስላየሁ፣ ከአንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ኮምፒውተር ተቀድተው ስማቸው ብቻ የተለወጠ መሆናቸውን ለመረዳት አልተቸገርሁም። ይህን የምለው ልጆቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሲቪ እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማራቸው ሰው የለም፣ የጽሕፈት አገልግሎት ቤቱም የሚሰጣቸው ያለውን ነው።

በቴሌግራም ከደረሱን ፋይሎች አንዱ ደግሞ ሲከፈት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነብን። ምክንያቱን ብዙ የአገራችን ድጋፍ ሠራተኞች ያውቁታል፦ የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደላት በጋራ በሚለዩበት ዩኒኮድ በተባለው መለኪያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የግዕዝን ፊደላት የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ስለነበር፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ አይነበብም። አመልካቹ የፋይሉን ቅርጽ ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ ቢልከው ኖሮ ስሙን እንኳ ማንበብ በቻልን ነበር። ለሌላ ሥራ ቢሆን ይህ ጥቃቅን ነገር ነው፤ የሰውን ሰነድ ከዚህ ዓይነት ችግር ለማዳን ለሚቀጠር ሰው ግን የመጀመሪያው የሥራ ናሙናው ያ ፋይል ነው።

የሰው ሀብት ባለሙያችን በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡኝ፣ ደንብ የሚያከብሩ እናት ናቸው። የደመወዝ ደረጃውን መስፈርት እያመሳከሩ ሲለዩ ከቡሬ የመጣ ባለ አንድ ገጽ ሲቪ ወደ ጎን አደረጉና፣ «የዚህች ልጅ ልምድ የጥገና ቤት ነው፤ የጻፈችውም ይህችኑ ገጽ ነው» አሉኝ። እኔም «እትዬ፣ እስቲ መካከሉን ያንብቡልኝ» ብዬ ለመንኋቸው። እንዲህ ይላል፦ «በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ኮምፒውተሮች በሙሉ ኢንተርኔት አጡ። አድራሻቸውን ሳይ በ169.254 የሚጀምር ስለነበር ጥፋቱ የኮምፒውተሮቹ እንዳልሆነ አወቅሁ። ወደ ራውተሩ የሚወስደው የስዊቹ ገመድ በአይጥ ተበልቶ አገኘሁት። ገመዱን ቀይሬ ሁሉም አድራሻ ማግኘታቸውን አረጋግጬ ወጣሁ።»

ይህ አንቀጽ ለምን ልቤን እንደሳበው ላስረዳ። አንድ ኮምፒውተር አድራሻ ከሚያድለው የዲኤችሲፒ አገልግሎት መልስ ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው በየኮምፒውተሩ እየዞረ ዊንዶውስ አይጭንም፤ ሁሉንም ወደሚያገናኘው መሣሪያ በቀጥታ ይሄዳል። ልጅቷ በጥቂት መስመር ያየችውን ምልክት፣ ከምልክቱ የደረሰችበትን ድምዳሜ፣ የሠራችውንና ሥራዋ መሳካቱን ያረጋገጠችበትን መንገድ ነግራናለች። «የኔትወርክ ችግር እፈታለሁ» ብላ ብትጽፍ ኖሮ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅላ ትቀር ነበር። ባለሙያዋም ካነበቡት በኋላ የጥገና ቤቱ የሥራ ልምድ ማስረጃ ግብር የተከፈለበት መሆኑን አጣሩና ሲቪዋን ወደ አላፊዎቹ መለሱት።

በተግባር ፈተናው ዕለት አንድ ኮምፒውተር ከኔትወርክ እንዲለይ አድርገን፣ አንድ ፕሪንተርም የህትመት ወረፋው እንዲያዝ አድርገን አስቀመጥን። ሰፊ ሲቪ ያቀረበና «የሲስተም አድሚኒስትሬሽን ኤክስፐርት» የሚል ማዕረግ ለራሱ የጻፈ አንድ ወጣት ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ የጠየቀን የመጀመሪያ ጥያቄ «ፎርማት ላድርገው?» የሚል ነበር። ፎርማት ማድረግ በኮምፒውተሩ ያለውን ሰነድ የሚያጠፋ ሆኖ ሳለ፣ በውስጡ የማን ሰነድ እንዳለ አልጠየቀም። የቡሬዋ ልጅ ግን ቁጭ ሳትል «ሌሎቹ ኮምፒውተሮችስ ይሠራሉ?» አለችን። ሲቪዋ ላይ ያነበብሁት አስተሳሰብ በቃሏም ወጣ፤ የተቀጠረችውም እርሷ ናት።

ከውጤቱ በኋላ ያ ወጣት ቢሮዬ መጥቶ «ጋሼ፣ ምን ጎደለኝ? ንገሩኝና ላስተካክለው» ሲል ጠየቀኝ። ብዙ ሰው ቅር ብሎት በሚቀርበት ነገር ምክንያቱን ለማወቅ መምጣቱ አስደስቶኝ ሲቪውን አብረን ዘርግተን ተቀመጥን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ክብደቱ፣ የጋብቻ ሁኔታውና ሃይማኖቱ ተጽፈዋል፤ ለድጋፍ ሥራ የሚጠቅም ነገር ስለሌላቸው አወጣናቸው። «ኤክስፐርት» የሚለውንም እንዲተወው መከርሁት፤ ቃሉ የሚያመጣበት ጥያቄ ከሚያመጣለት ክብር ይበልጣልና። ካያያዛቸው ወረቀቶች መካከል ግን በእውነት ያሳሰበኝ የተለማመደበት መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ንድፍ ከነመሣሪያዎቹ አድራሻ መገኘቱ ነበር። ችሎታውን ሊያሳይበት አስቦ ነው፤ ነገር ግን የአንዱን ቤት ምስጢር ይዞ የሚመጣ ሰው ነገ የእኛንም ይዞ እንደሚሄድ ቀጣሪው መገመቱ አይቀርም። ያን ወረቀት ያኔውኑ አስቀደድሁት።

ቀጥሎ «በትብብር ሥልጠናው ጊዜ ምን ሠራህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ምንም አልሠራሁም ጋሼ፤ ፕሪንተር ብቻ ነበር የማስተካክለው» አለኝ።

ፕሪንተሩ ምን ይሆን እንደነበር፣ እርሱስ ምን ያደርግ እንደነበር ቀስ እያልሁ ስጠይቀው ነገሩ ተዘረገፈ። የተማሪዎች ውጤት በሚታተምበት ሰሞን ወረፋው ይያዝና ማንም ማተም ያቅተዋል፤ ሠራተኞቹ ፕሪንተሩን እያጠፉ ያበራሉ፤ መፍትሔ አይሆንም። እርሱ የሚታተሙ ሰነዶችን በወረፋ የሚያስተናግደውን፣ የህትመት ስፑለር የሚባለውን አገልግሎት አቁሞ፣ በወረፋው አቃፊ ውስጥ የተጠራቀሙትን ፋይሎች አጥፍቶ፣ አገልግሎቱን መልሶ ያስነሣዋል። ነገሩ ሲደጋገምበት ደግሞ የሚያስይዘው ከአንድ ክፍል የሚላክ በሥዕል የተሞላ ትልቅ ሰነድ መሆኑን ደረሰበት፤ ሰነዱን በትንሽ በትንሹ ከፋፍለው እንዲልኩ ለሠራተኞቹ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈላቸው። ከዚያ በኋላ ለዚህ ጉዳይ አልጠሩትም። አንድን ብልሽት ማስወገድና የብልሽቱን ሥር አግኝቶ እንዳይደገም ማድረግ በድጋፍ ሙያ ተለይተው የሚታዩ ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ ይህ ልጅ ሁለቱንም ሠርቶ ሳለ በሲቪው ላይ አንድ ቃል እንኳ አልጻፈውም። የተለጠፈው ማስታወሻ ብቻውን «ከፍተኛ የመግባባት ችሎታ» ከሚለው ሐረግ የበለጠ ምስክር ነበር።

ስለዚህ ያን ታሪክ በአራት መስመር አስጻፍሁትና ከስሙ፣ ከስልኩና ካመለከተበት የሥራ መደብ ቀጥሎ አስቀመጥነው። «ብዙ ኮምፒውተሮችን ጠግኛለሁ» የሚለውን ቁጥር እንዲሰጠው ስጠይቀው «ሁለት መቶ ልበል?» አለኝ፤ የማያውቀውን ቁጥር እንዳይጽፍ፣ ይልቁንም የሠራበትን ስፋት፣ ማለትም የአንድ ትምህርት ቤት አስተዳደር ክፍሎችና አንድ የኮምፒውተር ክፍል መሆኑን በግልጽ እንዲያስቀምጥ ነገርሁት። የሲኦሲ ደረጃውንም ከተመዘነበት ዓመት ጋር ጻፈው። በኢንተርኔት የተማረው የድጋፍ ኮርስ ስለነበር ያንንም ጨመርን፣ ነገር ግን «ኮርስ» ተብሎ ተጻፈ። እንደ ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ ያለው፣ ሁለት ፈተና የሚጠይቀውና በየሦስት ዓመቱ የሚታደሰው የብቃት ማረጋገጫ ከኮርስ ምስክር ወረቀት ጋር በአንድ ስም ሲጠራ ሙያውን የሚያውቅ ቀጣሪ ወዲያው ይጠረጥራል። ስለሚያውቃቸው ሥርዓቶች ዊንዶውስ 7ን ብቻ ጠቅሶ ስለነበር አዲሶቹን ጨመረ፤ የዊንዶውስ 7 ድጋፍ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ነው፣ ልጁም ዊንዶውስ 11ን በእጁ ጭኖ ያውቃል። ከአራት ገጽ በላይ የነበረው ሲቪ በዚህ መልክ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ፤ ልጁም ለባሕር ዳር ማስታወቂያዎች የሚልከው ያንኑ ነው።

በመሥሪያ ቤታችን በኩል ደግሞ ከሰው ሀብት ባለሙያዋ ጋር ተነጋግረን በቀጣዩ የቅጥር ማስታወቂያ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር አስገብተናል፦ «አመልካቾች ራሳቸው የፈቱትን አንድ የቴክኒክ ችግር፣ መንሥኤውን እንዴት እንደለዩትና መፈታቱን በምን እንዳረጋገጡ ከግማሽ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ አያይዘው ያቅርቡ።» ጥገና ቤት የሠሩ አመልካቾች ልምዳቸው እንደሚቆጠርም፣ የሥራ ልምድ ማስረጃቸው ምን ማሟላት እንዳለበትም በዚያው ማስታወቂያ ላይ በግልጽ ተጽፎላቸዋል።