ሦስት ቅዳሜ በአንዲት ፒን

ቶዮታ ያሪሷ መኪናዬ ዛሬ ጠዋት ሳትንቀጠቀጥ ተነሣች። የሞተሯን ካቴናና ጊር ራሴ ስቀይር ሦስተኛው ቅዳሜዬ መሆኑ ነው።

ነገሩ የጀመረው በድምፅ ነበር። ጠዋት ስትነሣ ለጥቂት ሰከንድ «ቅርርር» ትልና ዝም። ጋራዥ የጠየቁኝን ዋጋ ስሰማ ራሴ እፈታታታለሁ አልኩ። የቡና ትሪውን ለብሎን ማስቀመጫ ስወስድ ባለቤቴ «መኪናውንም ትሪዬንም እንዳታሳጣኝ» ብላኝ ነበር።

አዳማ ላይ ግቢ ውስጥ ሞተር መክፈት ጣጣ አለው። ነፋሱ ለአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይበጃል፤ ለተከፈተ ሞተር ግን አይበጅም። ቪቪቲ፣ ማለትም ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚቀያይረው ክፍል፣ የሚሠራው በሞተር ዘይት ነው። ካምሻፍቱ ጫፍ ላይ በሚገጠመው ጥርሳም ጊር ውስጥ ክንፍ አለ፤ ዘይቱ በአንዱ ወይም በሌላው ጎን እየገፋው የመግቢያ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን፣ ቀደም ወይም ዘግየት ያደርገዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ትንሽ መቆለፊያ ይዛው ታድራለች። የእኔ ጊር መቆለፊያው ደክሞ ነበር፤ «ቅርርር» የሚለውም ለዚህ ነው። የዘይቱ መንገድ ጠባብ ስለሆነ፣ አቧራ እንዳይገባበት ሙሉ ቀን በአንሶላ ስሸፍን ስገልጥ ዋልኩ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ የበላው ድንጋጤ ነው። ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ከካምሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን አዲሱን ካቴናና አዲሱን ጊር ገጥሜ፣ ፒስተን ከቫልቭ እንዳይጋጭ ፈርቼ፣ ሞተሩን በቁልፍ ሁለት ዙር በእጄ አዞርኩት። ስመለከት ቀለም የተቀቡት የካቴና አይኖች ከምልክቱ ርቀዋል። አበላሸሁ ብዬ ሁሉንም ፈታሁ። ለካ ቀለሙ የሚያገለግለው ሲገጠም ብቻ ነው፤ ከዞረ በኋላ መታየት ያለበት የጊሮቹ ምልክት ነው። ይህን ያወቅሁት ማታ እጄን በኦሞ ስታጠብ፣ ስልኬ ላይ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ተነሣች፤ ግን እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር ፒ 0016 የሚል የስህተት ኮድ አሳየ፤ ክራንክሻፍቱና ካምሻፍቱ አልተስማሙም ማለት ነው። ከፈትኩ። ምልክቶቹ ቀጥ ብለዋል! እንደገና ቆጠርኩ፣ ቀጥ ብለዋል። እውነቱን ለመናገር ኮምፒውተሩን ነው የተሳደብኩት።

ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ጋሼ በአጥር በኩል ሲያዩኝ ሰንብተው ኖሮ መጡ። ምንም አልጠየቁኝም። ጥፍራቸውን ከጊሩ ጀርባ ሰደዱና ገባላቸው።

«አየህ? ክፍተት አለ።»

«ጋሼ፣ ምልክቱ እኮ ልክ ነው።»

«ምልክቱ ያለው ጊሩ ላይ ነው፤ ካምሻፍቱ የት እንዳለ ማን ነገረህ?»

ካምሻፍቱ ጫፍ ላይ አንዲት ፒን አለች፤ ጊሩ ጀርባ ላይ ደግሞ የምትገባበት ቦይ። እኔ መሽቶብኝ፣ ፒኗ የቦዩ ከንፈር ላይ እንደተቀመጠች፣ ብሎኑን በጉልበት አጥብቄው ነበር። ካቴናው ልክ፣ ጊሩ ልክ፣ ካምሻፍቱ ብቻ ወደ ጎን ሸርተት ያለ።

ዛሬ በቀን ብርሃን ሠራሁት። ጊሩን ቀስ አድርጌ እየተጫንኩ ወደ ግራ አዞርኩት፤ ወደ ቀኝ ማዞር አይፈቀድም። የሆነ ቦታ ላይ ጣቴ ሥር ጠለቅ አለ። ድምፅ እንኳ የለውም። ክፍተት አለመኖሩን በጥፍሬ ሦስቴ አየሁና ካምሻፍቱን በቁልፍ ይዤ ብሎኑን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቶርክ ሬንች 64 ኒውተን ሜትር ላይ አቆምኩት።

ከሰዓት ወንጂ ደርሰን ተመለስን፤ የሞተሩ የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም። ጋሼን ቡና ጠርተናቸዋል። ስኒው የሚመጣው በላስቲክ ትሪ ነው፤ የባለቤቴ ትሪ ሁለቴ ታጥቦም ዘይት ዘይት ይሸታል።