ምልክት ያልተደረገባት ሣጥን

በአንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ውስጥ በምሠራበት ጊዜ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊም ነበርሁ። የማኅበሩ ችግር የአባላቱ ቁጥር አልጨምር ማለቱ ነበር። አዲስ ተቀጣሪ ከሚሞላቸው ቅጾች በአንዱ ላይ «የማኅበሩ አባል መሆን እፈልጋለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከአንዲት ትንሽ ባዶ ሣጥን ጋር ተቀምጧል፤ ከአሥር ሰዎች ሦስቱ እንኳ ሣጥኗን አይነኳትም። ስለ ቁጠባ ጥቅም በየስብሰባው ተናገርን፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን፣ ለውጥ ግን አላየንም።

በዚያ ሰሞን ሰው የገንዘብ ውሳኔውን የሚወስነው አስልቶ ብቻ ሳይሆን ምርጫው በቀረበለት መልክ ጭምር መሆኑን የሚያስረዱ ጽሑፎች እጄ ገብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሪቻርድ ታለር ከሕግ ምሁሩ ካስ ሰንስቲን ጋር ሆነው «ነጅ» ብለው የሰየሙት ሐሳብ፣ በእኛ አነጋገር ሰውን በክርን ጎሸም አድርጎ እንደ ማሳሰብ ያለ ነው፤ አይከለክልም፣ አያስገድድም፣ አንዱን መንገድ ብቻ ከሌላው ያቀላል። ይበልጥ የማረከኝ ግን ብሪጂት ማድሪያንና ዴኒስ ሼይ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት ነው። በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ለጡረታ ቁጠባ ራሳቸው እንዲመዘገቡ ይጠበቅባቸው ከነበሩት ሠራተኞች የገቡት 49 በመቶ ሲሆኑ፣ ኩባንያው «አልፈልግም ካላላችሁ ተመዝግባችኋል» የሚል አሠራር ከዘረጋ በኋላ ከተቀጠሩት ግን 86 በመቶው ገብተዋል። የተለወጠው ነገር ዝም ያለ ሰው የሚቆጠርበት ወገን ነው።

እኔም ዐረፍተ ነገሩን ገለበጥኩት። አዲሱ ቅጽ «ከደመወዜ ላይ 10 በመቶ ለማኅበሩ ቁጠባ ይቆረጣል፤ የማልፈልግ ከሆነ በሣጥኑ ውስጥ ምልክት አደርጋለሁ» ይል ጀመር። ቦታውም በሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከፊርማው መስመር ከፍ ብሎ፣ ስለ ደንብ ልብስና ስለ መታወቂያ ካርድ ከሚናገሩት አንቀጾች ቀጥሎ ሆነ። በሁለት ወር ውስጥ ከአዲሶቹ ተቀጣሪዎች አባል ያልሆነ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ፤ እኔም ለሌሎች ክፍሎች እንዳስረዳ ስጠየቅ ስለ አሜሪካው ጥናት በደስታ ተናገርኩ።

ከጥናቱ ሁለተኛውን ግማሽ በጥንቃቄ አላነበብኩትም ነበር። እዚያው ላይ ተመራማሪዎቹ በአዲሱ አሠራር ሳይጠየቅ የተመዘገበው ሠራተኛ አብዛኛው ኩባንያው በመረጠለት 3 በመቶ ላይና ኩባንያው በመረጠለት የገንዘብ ማስቀመጫ ላይ ረግቶ እንደቀረ፣ ቀድሞ በፈቃዳቸው ይገቡ የነበሩት ግን ከዚያ ከፍ ያለ ይቆጥቡ እንደነበር ጽፈዋል። ያ ዝምታ ሰውየው አስቦበት እንደወሰነ የሚያሳይ ምልክት አልነበረም ማለት ነው።

በአምስተኛው ወር ግድም ከማሸጊያ ክፍል አንዲት ወጣት የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ ገባች። ቆማ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ጣቷን በአንድ መስመር ላይ አሳርፋ «ጋሼ፣ ይቺ ገንዘብ የመንግሥት ናት ወይስ የእናንተ?» አለችኝ። የሁለቱም እንዳልሆነች፣ የራሷ ቁጠባ እንደሆነች በኩራት አስረዳኋት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «የኔ ከሆነች እኔ እንዴት ሳላውቃት ቀረሁ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ለካ 7 በመቶ ከሚቆረጠው ጡረታ ጎን የተጻፈውን ቁጠባ እንደ ግብርና እንደ ጡረታ ግዴታ አድርጋ ቆጥራው ኖሯል። ከማሸጊያ ክፍል ሴቶች ጋር ሳምንታዊ ዕቁብ ትጥል ነበር። ደመወዟ ባሰበችው መጠን ስላልደረሰላት ሁለት ጊዜ ተበድራ ጣለች፤ በሦስተኛው አልቻለችም፤ ዳኛዋ ተራዋን ለሌላ ሰጥታ እሷን ወደ መጨረሻ አዛወረቻት። ያ ገንዘብ ለፋሲካ ወደ ቤተሰቦቿ ይዛው ልትሄድ ያሰበችው ነበር። ያለ ቁጠባ ትኖራለች ብዬ ላስቆጥባት የተነሣሁት ልጅ ከእኔ ቀድማ ትቆጥብ ነበር፤ ያውም ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ ባለው፣ ጓደኞቿን ላለማሳፈር ስትል ከማትቀርበት ማኅበር ውስጥ። ስለ ሰው ባሕርይ የተጻፈ የፈረንጅ ጥናት ሳገላብጥ ከቢሮዬ ሃምሳ እርምጃ ርቆ በየሳምንቱ የሚጣለውን ዕቁብ አለማየቴ እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ዕቁብም ሰውን ጎሸም ያደርጋል፤ ነገር ግን ማንም በአፉ «እገባለሁ» ሳይል አልገባበትም።

ለምን መጥታ እንዳልጠየቀች ስጠይቃት መልሷ ሌላውን ጥፋቴን ገለጠው። ከማኅበሩ መውጣት ወይም የቁጠባውን መጠን መቀነስ የሚቻለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ቢሮ ቀርቦ ማመልከቻ በመጻፍ ነበር፤ በዚያ ሰዓት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኞች መስመር ላይ ናቸው። ታለር እ.ኤ.አ. በ2018 በጻፉት አጭር ጽሑፍ ሰውን ከሚጠቅመው ነገር የሚያዘገየውን እንዲህ ያለ መሰናክል «ስላጅ»፣ ማለትም ዝቃጭ፣ ብለውታል። መግቢያውን እንደዚያ አቅልዬ መውጫውን በዝቃጭ የሞላሁት እኔ ነበርሁ።

ጉዳዩን ለሕግ ክፍል ባልደረባችን ሳነሣላት ስለ ሰው ባሕርይ አልተከራከረችኝም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንቀጽ 59 ገልጣ አስቀመጠችልኝ። ደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። «ፈርማለች እኮ» አልኳት። «የፈረመችው ለሥራው ነው» አለችኝ፤ «ለቁጠባው የሰጠችህ መልስ ምንም ያልተጻፈባት ሣጥን ናት።» ከዚያም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ መሠረት፣ ነጋዴ አስቀድሞ ምልክት ባደረገበት ሣጥን አማካይነት ከዋናው ዋጋ በላይ ያስከፈለውን ገንዘብ ሸማቹ ማስመለስ እንደሚችል ነገረችኝ። የአውሮፕላን ትኬት ስትገዛ ሳትጠይቀው የሚጨመርብህ መድን ዓይነት መሆኑ ነው። የእኔ ሣጥን ባዶ ብትሆንም ሥራዋ ያው ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ዘንድ ዝምታ ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ነው። ሥራ ሊጀምር የመጣ፣ ገና የአለቃውን ስም ያላወቀ ሰው፣ ቢሮ ውስጥ በተሰጠው ወረቀት ላይ «አልፈልግም» ብሎ ምልክት ማድረግ ክፉ ጅማሬ ይመስለዋል። ቅጹን ሳዘጋጅ ይህን አለማወቄ ሳይሆን በዚሁ መጠቀሜ ነው የሚያሳፍረኝ።

ከዚህ የባሰውን ያገኘሁት መዝገቡን ስመረምር ነው። ደንባችን አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይቆጥብ እንዳይበደር ይከለክላል፤ በእነዚያ ወራት ብድር የወሰድነው በአብዛኛው ነባሮቹ ነበርን። «ነበርን» የምለው እኔም የቤቴን ጣሪያ ለማሳደስ ከዚያው ገንዘብ ስለተበደርኩ ነው። ሐሳቡን ሳቀርብ ይህ በልቤ አልነበረም፤ ነገር ግን ከልጆቹ ዝምታ የተጠቀሙት እነማን እንደሆኑ መዝገቡ በግልጽ ያሳያል።

ኮሚቴው ብዙ ከተከራከረ በኋላ ቅጹን ቀየርን። ለቁጠባው የተለየ አንድ ገጽ ተሰጠው፤ «እፈልጋለሁ» እና «አልፈልግም» የሚሉ ሁለት እኩል ሣጥኖች ተቀመጡ፤ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ምልክት ያላደረገ ቅጽ ተመላሽ ይሆናል። መጠኑን ሠራተኛው ራሱ ይጽፋል። ደመወዝ ሲጨመር ቁጠባውም እንዲያድግ የፈለገ ሰው አስቀድሞ የሚስማማበት መስመርም አስገባን፤ ይህ ታለርና ሽሎሞ ቤናርትዚ የሞከሩት ዘዴ ነው፤ እጁ የገባውን ደመወዝ ስለማያሳንስበት ሰው አይከፋበትም። ለመውጣት ወይም ለመቀነስ ደግሞ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ለመስመር ኃላፊው መስጠት በቂ ሆነ። ሳያውቁ ለተቆረጠባቸው ሁሉ ገንዘባቸውን ለመመለስ ወሰንን፤ ሁለት ወር ያህል አዲስ ብድር መስጠት ስላቆምን አንዳንድ ነባር አባላት ለሳምንታት ሰላምታ ነፈጉኝ።

የአባልነቱ ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ባለፈው ስብሰባ ያመሰገኑኝን ያህል በዚህኛው ጠየቁኝ፤ ግማሹ ከቀድሞው ሦስት በአሥር እንደሚበልጥ ባስረዳም የወረደ ቁጥር ለማንም ደስ አይልም።

ነባሮቹም ቅጹን እንደገና ይሙሉ ስለተባለ የማሸጊያ ክፍሏ ልጅ ወረቀት በክምሩ መካከል አገኘሁት። «አልፈልግም» በሚለው ሣጥን ላይ አጥብቃ ምልክት አድርጋ ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ «ዕቁቤ እስኪወጣ» ብላበታለች። ለእንዲህ ያለ መልስ በቅጹ ላይ ቦታ አላዘጋጀንም ነበር፤ የዕቁቡን መውጫ ወር ጠይቄ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያዝኩ።